ወላጅም ሰው ያስፈልገዋል

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በወላጆቻቸው እጅ ጉዳት ስለሚደርስባቸው ልጆች ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ የወጡትን ጽሑፎች በጥሞና አንብቤያለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ሕጉ እንዲጠነክር፣ ፖሊስም ጥቆማ ሲደርሰው ፈጥኖ እንዲንቀሳቀስ ጠይቀዋል፤ በዚህ ከእነርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ይሁንና በአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ከቤተሰቦች ጋር ስሠራ የቆየሁ በመሆኔ፣ በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ ያልተነሣ አንድ ሰው እንዳለ ታዝቤያለሁ። ይኸውም ልጁን ገና ክፉኛ ያልጎዳ፣ ክፉኛ ለመጉዳት ግን የተቃረበ ወላጅ ነው። ክስ አይመለከተውም፤ ፖሊስ ዘንድ የደረሰ ጥፋት የለበትምና። እርዳታም አያገኝም፤ ማንም አያውቀውምና።

እንዲህ ያለ ወላጅ ስል በጭካኔ የተፈጠረ ሰው ማለቴ አይደለም። በሥራዬ የገጠሙኝ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ከመቱ በኋላ ቁጭ ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። ድህነት ያመሳስላቸዋል እንዳልል፣ ድሃ ሆኖ በልጁ ላይ እጁን የማያነሣ ሞልቷል። የሚመሳሰሉት ሲጨንቃቸው በሩን የሚያንኳኩበት ሰው በማጣታቸው ነው። ከዚህም በላይ፣ ሰው በአጠገባቸው ቢኖር እንኳ እንዴት ቀርበው እንደሚጠይቁት፣ ሲያስቀይማቸው እንዴት እንደሚታረቁት፣ ምክሩ ሲበዛባቸው እንዴት ሳይጣሉ እንደሚመልሱለት ግራ የሚገባቸው መሆናቸው ነው። ዘመድ አዝማድ ማጣትና ከሰው ጋር መግባባት አለመቻል እየተመጋገቡ ይሄዳሉ። ብቻውን የሰነበተ ሰው ከሰው ጋር መነጋገሩን ይረሳል፤ መነጋገሩን የረሳ ደግሞ ይበልጥ ብቻውን ይቀራል።

ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ የአንዲትን እናት ነገር ላንሣ። ተወልዳ ካደገችበት የመሀል ከተማ ሰፈር ተነሥታ ዳር ላይ ወዳለ የኮንዶሚኒየም ሳይት የገባች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏት ሴት ነበረች። ባሏ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚመለስ የግንባታ ሠራተኛ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጄሪካን ተሸክማ ደረጃውን የምትመላለሰው እርሷ ናት። እኛ ዘንድ የደረሰችው የታላቁ ልጅ መምህርት በክንዱ ላይ ሰንበር አይታ በመጠቆሟ ነው። ቤቷ ስሄድ አልካደችኝም፤ በማማሰያ እንደመታችውና የምታቆምበት ጊዜ ጠፍቷት ራሷን እንደፈራች ነገረችኝ። ይህን ለማን ነግረሻል ብዬ ስጠይቃት «ለማን?» አለች። ፊት ለፊቷ ያለውን ቤት ሰዎች የምታውቃቸው ከበራፉ በሚደረደሩት ጫማዎች ብቻ ነበር።

ታናሹ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። አራት ፎቅ ተሸክማ ያወጣችውን ውኃ ሲደፋባት «ሆን ብሎ ነው፤ እልኬን ሊያስጨርሰኝ ነው» ትላለች። ይህን አነጋገር በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የውኃውን ድምፅና አወራረድ ለማየት ይደፋል እንጂ የእናቱን ድካም አስቦ አይደፋም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆኤል ሚልነር ልጆቻቸውን ለመጉዳት የተጋለጡ ወላጆች የልጅን አድራጎት እንዴት እንደሚተረጉሙ ለረጅም ጊዜ ያጠና ሰው ነው። እነዚህ ወላጆች የልጁን ለቅሶና ጥፋት እንደ ንቀትና እንደ ተንኮል የመቁጠር ዝንባሌያቸው ከሌሎች ይበልጥ ጎልቶ እንደሚታይ፣ ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ምክንያት ለመፈለግ ጊዜ እንደማያገኙ አስረድቷል። እንግዲህ በቤቱ ውስጥ ሌላ አዋቂ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ «ኧረ ተይው፣ ሕፃን አይደል እንዴ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። የዚያች ሴት ቤት ይህን የሚል ሰው አልነበረበትም።

የሰው ብዛት ግን መፍትሔ ነው ብዬ እንዳልታማ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮበርት ዋህለር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውንና ከሰው የተነጠሉ እናቶችን ተከታትሎ ነበር። እነዚህ እናቶች ጭራሽ ሰው የማያገኙ አልነበሩም፤ የሚያገኟቸው ግን በአብዛኛው የሚቆጡ ዘመዶችና ስለ ጥፋታቸው የሚጠይቁ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ከወዳጆቻቸው ጋር በተገናኙባቸው ቀናት በልጆቻቸው ላይ የሚያሳዩት ቁጣ ቀንሶ ታይቷል። የልጅ አያያዝ ሥልጠና ሲሰጣቸው ለጊዜው ቢሻሻሉም ክትትሉ ሲያበቃ ብዙዎቹ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። አማት መጥታ «ልጅ ማሳደግ አታውቂም» ብላ ከሄደች ያ ጉብኝት ድጋፍ ሊባል አይችልም፤ ማታ የሚከፍለው ልጁ ነው። እኛም ማኅበራዊ ሠራተኞች ቅጽ ይዘን ገብተን፣ ጠይቀን፣ አስፈርመን ስንወጣ ከዚያች አማት ብዙም አንሻልም።

ስለዚህ ከዚያች እናት ጋር የጀመርነው ስለ ልጅ መብት በማስተማር አልነበረም። የጀመርነው በልመና ነው ብል አላጋነንኩም፤ ጎረቤትን እንዴት መለመን እንደሚቻል ተለማመድን። እኔ ጎረቤቲቱን ሆኜ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እርሷ ደግሞ «እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ፤ ውኃ ቀድቼ እስክመለስ ትንሹን ታዪልኝ? ነገ ደግሞ እኔ ያንቺን አያለሁ» ማለትን ደጋገመች። መጀመሪያ ላይ አፍራ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ ኋላ ግን ድምፅዋ እየተስተካከለ መጣ። እንቢ ብትባል ምን እንደምትልም ተለማመድን፤ አንድ ጊዜ እንቢ ስለተባለ ደግሞ በሩን ጨርሶ መዝጋት እንደማያስፈልግ ተነጋገርን። በኋላ ያቺን ጎረቤት ሳገኛት «ጨው እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ኩራተኛ መስላኝ ነበር» አለችኝ። የሁለቱ በር አሁን ጠዋት ጠዋት ይከፈታል፤ ቡናም ይጣጣሉ። እናትየዋ አልፎ አልፎ መቆንጠጧን አልተወችም፤ ማማሰያው ግን ለወጥ ብቻ እንደሚውል ታላቁ ልጅ ራሱ ነግሮኛል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለ የመግባባት ችሎታም አለ። «አርፈህ ተቀመጥ!» ከማለት ይልቅ «ጄሪካኑን ተወውና ይህን ጣሳ ያዝ» ማለት፣ ጥሩ ሲሠራ አይቶ ማመስገን፣ ጥቃቅኑን እንዳላዩ ማለፍ፣ ንዴት ሲመጣ ልጁን አደጋ በሌለበት አስቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ ዞር ማለት ይቻላል። እነዚህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ናቸው። በግርፋት ብቻ ያደገ ሰው ሌላ ዘዴ አይቶ አያውቅምና ከየት ያመጣዋል?

«እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» የሚለው ክርክር በጋዜጣችሁም ላይ ተነሥቷል። በርበሬ ታጥኖና በቀበቶ ተገርፎ ጠባሳውን ይዞ የሚኖር ሰው ጥቂት እንዳይደለ ለጊዜው ልተወው። ክርክሩ የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። በጥንቱ ሰፈር አባት ቀበቶውን ሲያነሣ ከአጥሩ ማዶ «ኧረ በቃህ! ስለ ማርያም ተወው!» የሚሉ ሴት ነበሩ፤ ልጁም አምልጦ እኚያው እትዬ ቀሚስ ሥር ይደበቅ ነበር። አባትየውም ስለ ማርያም ተብሎ ሲተው ክብሩ አይነካበትም፤ ማቆሚያ ሲፈልግ ኖሮ ማቆሚያ አገኘ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚኖረው ከብረት በርና ከሲሚንቶ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ የልጅ ጩኸት ሲሰማም «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ይባላል። ቅጣቱ ተወርሶ አማላጁ ቀርቷል። ያም ሆኖ የድሮውን ሰፈር ከሚገባው በላይ ማሞገስ አልፈልግም፤ «ቅጣው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» የሚሉ ጎረቤቶችም እዚያው ነበሩ፤ የባሰ ገመናም በዝምታ ተሸፍኖ አልፏል።

ባህላችን ለወላጅ ድጋፍ የማያውቅ አለመሆኑን ለማየት የአራስ ቤትን ማየት ይበቃል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሚያጥበው፣ ሕፃኑን የሚታቀፈው፣ «አንቺ ተኚ» የሚላት ሰው አይጎድልም። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ አበልጅም ይገኛል። ከክርስትናው ድግስ በኋላ ግን የሰው እግር ይቀንሳል፤ ከገጠር የመጡት እናትም ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። የሕፃናትን ለቅሶ ያጠኑ ሐኪሞች እንደሚሉት ጤነኛ ሕፃን ያለ ምክንያት የሚያለቅስበት ጊዜ እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ በ3ኛውና በ4ኛው ወር ይረግባል። ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ወንድ ልጅ በተወለደበት ቤት ለቅሶው የሚበረታው ቤቱ ባዶ መሆን በሚጀምርበት ሳምንት ነው። እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ሕፃኑን ይዞ የሚነቀንቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሕፃንን ይዞ መነቅነቅ ደግሞ አንጎሉን የሚያደማና ሊገድል የሚችል ነገር ነው። የአርባ ቀን እናት ዘንድ የምትሄዱ ወዳጆች ካላችሁ፣ ከስጦታው ይልቅ ከክርስትናው በኋላ ባለው ሳምንት ሁለት ሰዓት ሕፃኑን ይዛችሁ አስተኟት።

ስለ አባቶች የምለው አጭር ነው፤ ወደ እኛ ቢሮ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸውና። ሥራ ያጣ አባት ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል ልጆቹን ለመቅጣት ምክንያት አያጣም። ጓደኞች አሉት፤ በጠጅ ቤቱና በጫት ቤቱ ግን ስለ ኳስና ስለ ፖለቲካ እንጂ «ትናንት ልጄን መትቼ ፊቱ አበጠ፤ ምን ላድርግ?» ተብሎ አይወራም። ወንድ ልጅ ሆዱን ለሰው እንዳይከፍት አስተምረን አሳድገነው፣ ለምን አልተናገረም ብለን እንወቅሰዋለን።

በሌላ አገር የተሞከሩ ሁለት ነገሮችን ላንሣ። በኒው ዮርክ ግዛት ኤልማይራ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪው ዴቪድ ኦልድስና ባልደረቦቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወደ ጠበቁ እናቶች ነርሶች ይልኩ ነበር። ነርሶቹ ከእርግዝና ጀምሮ ሕፃኑ 2 ዓመት እስኪሞላው ይመላለሳሉ፤ ከጤናው ምክር ጎን ለጎንም የእናቲቱ ቤተሰብና ወዳጆች በሕፃኑ አስተዳደግ እንዲያግዟት ያግባባሉ። ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ በእነዚህ ቤቶች የተረጋገጡ የልጅ ጥቃትና የቸልተኝነት ሪፖርቶች ካልተጎበኙት ቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ በግማሽ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ሴቲቱ በወንድ እጅ ደጋግማ በምትጠቃባቸው ቤቶች ግን ይህ ጥቅም እየደበዘዘ ሄደ፤ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ባለበት ቤት የልጅ አያያዝ ምክር ብቻውን የትም አያደርስም።

ሁለተኛው ወደ እኛ የቀረበ ነው። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ግዛት በ40 መንደሮችና ሰፈሮች፣ በ552 ቤተሰቦች ላይ የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ አለ። አሳዳጊዎችና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆቻቸው በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ መነጋገርን፣ ንዴትን መቆጣጠርን፣ ገንዘብን ማብቃቃትን ይለማመዱ ነበር፤ የሚመሯቸውም ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። አሳዳጊዎቹ ልጆቻቸውን መምታታቸውና ማንገላታታቸው እንደቀነሰ፣ ጭንቀታቸው እንደቀለለና የሚደግፋቸው ሰው እንደበዛ ተናግረዋል። ይህን የተናገሩት በአብዛኛው ወላጆቹ ራሳቸው መሆናቸውን ግን ልብ ማለት ይገባል፤ የቸልተኝነት ነገርም አልተሻሻለም። ቢሆንም በደመወዝተኛ ባለሙያ ብዛት ለማይታደል አገር የተሻለ ተስፋ የሚሰጠው ይኸኛው ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን በኃላፊነቱ ሥር አድርጎ የሚያንገላታ፣ የሚበድል ወይም የሚደበድብ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ እዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ ለአስተዳደግ ሲባል የሚሰጠውን ተገቢ ተግሣጽ ከወንጀልነት ያወጣዋል። «ተገቢ» የሚባለው እስከ የት እንደሆነ ግን ለአንዲት የደከማት እናት ማንም አላስረዳትም። ሕጉ ግልጽ መሆን አለበት ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ነገር ግን በቤቷ ያለችውን ሴት የምታስቆማት አንቀጿ ሳትሆን በሩን የምታንኳኳው ሰው ናት።

ታዲያ ማን ያንኳኳ? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በከተማም በገጠርም ቤት ለቤት የሚሄዱ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በቀዳማይ ልጅነት መርሐ ግብሩ ወላጆችን በየቤታቸው የሚያማክሩ ሰዎችን ማሰማራቱ የሚመሰገን ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ስለ ክትባትና ስለ ምግብ በሚጠይቁበት ቅጽ ላይ «ሲጨንቅሽ ማንን ትጠሪያለሽ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመርላቸው። መልሱ «ማንንም» ከሆነ ያን ቤት ቶሎ ቶሎ ይመላለሱበት። የ45 ቀን ክትባት የሚሰጥበት ጠዋትም አለ። በየጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ የአንድ ሰፈር እናቶች፣ የአንድ ሳምንት አራሶች የነበሩ፣ ሳይተዋወቁ ተራ ጠብቀው ይለያያሉ። የሚያስተዋውቃቸውና የስልክ ቁጥር እንዲለዋወጡ የሚያደርግ አንድ ሰው ቢገኝ በጀት አያስፈልገውም።

ዕድርን በተመለከተ ያለኝ ቅሬታ ከአክብሮት የመነጨ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ቀሪውን ቀጥቶ የሚሠራ ተቋም ከእኛ ሌላ የት አለ? ሆኖም ለሞተው የምንሰበሰበውን ያህል በሕይወት ላለው አንሰበሰብም። ከዚህም በላይ፣ ከፍ ያለው የመግቢያ ክፍያ በየጊዜው ቤት የሚለዋውጠውን ተከራይ በራፍ ላይ ያስቀረዋል፤ ከሰው የተነጠለው ወላጅ ደግሞ በአብዛኛው ተከራዩ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሄደች እህቷን ልጆች ከራሷ ልጆች ጋር ደርባ የምታሳድግ ተከራይ ሴት አውቃለሁ፤ ዕድር የላትም፣ ዕቁብም የላትም። የሴቶች ዕድሮች በወር አንድ ጊዜ፣ መዋጮ በሚሰበሰብበት ዕለት፣ አባል ያልሆኑ ወጣት እናቶችን ያለ ክፍያ ለቡና ቢጠሩ መተዳደሪያ ደንባቸው አይፈርስም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከሕጉ ይልቅ ድጋፍ ይቅደም ማለቴ ሽማግሌ ልኮ ነገርን ማድበስበስ ማለት አይደለም። ልጅ አጥንቱ ሲሰበር፣ በእሳት ሲቃጠል ወይም ክብሩ ሲደፈር የዕርቅ ነገር አይነሣም፤ ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም ነው። ለዕርዳታ የሚሰበሰቡ ሴቶችም የሰሙትን ገመና በሰፈር ቢያዞሩት ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም፤ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚመሩ ሰዎች ምን በምሥጢር እንደሚያዝ፣ ምን ደግሞ ለሕግ እንደሚነገር አስቀድመው መማር አለባቸው፤ ወላጆቹም ይህንኑ ከመጀመሪያው ቀን ሊያውቁት ይገባል።

ጋዜጣችሁም የሚያግዝበት መንገድ አለ። በልጅ ላይ የደረሰ ጉዳት ስትዘግቡ የፍርዱን ዓመት ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን በፊት ያ ቤተሰብ ማን ይጎበኘው እንደነበር፣ ጎረቤቶቹ ምን እንደሰሙ፣ እርዳታ ጠይቆ ከሆነም ማን እንደመለሰው ዘጋቢዎቻችሁ ይጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፤
ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይያዝልኝ)